ሮዊንግ ማሽን ላይ ጠንክራችሁ ስትሰሩ የልብ ምታችሁን በምን ትለኩት፦ የደረት ስትራፕ፣ የክንድ ባንድ፣ ሰዓት ወይስ ጣት?

ሩጫ ላይ በጣም ጥሩ የሚባል ስማርት ዋች ሮዊንግ ማሽን (ቁጭ ብላችሁ እጀታ እየጎተታችሁ የምትቀዝፉበት ማሽን) ላይ ስትቀመጡ የማይሆን ቁጥር ሊያሳያችሁ ይችላል፣ ምክንያቱ ደግሞ ሰዓቱ ርካሽ ወይ ውድ መሆኑ አይደለም፣ ሰዓቱ የታሰረበት እጅ ነው እጀታውን ጨምድዶ የሚጎትተው። ይቺን አንድ ነገር ከያዛችሁ ከምርጫው ግማሹ አለቀ ማለት ነው።

እኔ የማምንበትን መጀመሪያ ልናገርና ምክንያቱን ከዛ በኋላ ላብራራው። ኢንተርቫል (ጠንካራ ስራና እረፍት እየተፈራረቀ)፣ 2000 ሜትር፣ 4 በ4 (4 ጊዜ 4 ደቂቃ) ምናምን የሚባሉትን ጠንካራ ስራዎች የምትሰሩ ከሆነ የደረት ስትራፕ ግዙ። ደረታችሁ ላይ የሚታሰር ነገር በጭራሽ የማይመቻችሁ ከሆነ ከክርን በላይ የሚታሰር የክንድ ባንድ። ሰዓት ለረጅምና ለዝግ ያለ ስራ ብቻ። ጣት ደግሞ ጠዋት አልጋ ላይ ሆናችሁ ለምትለኩት የእረፍት ምት። ግን ከመሳሪያው በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፣ እሱም ምን አይነት ወርክአውት ነው የምትሰሩት የሚለው ነው፣ ምክንያቱም አንዳንድ ወርክአውት ላይ ምርጡ ሴንሰር ቢታሰርላችሁም ልብ ምት ራሱ ዘግይቶ የሚመጣ ነገር ስለሆነ እሱን እያያችሁ መስራት የለባችሁም። ብዙ ሰው መሳሪያ ላይ ይከራከርና ይሄኛውን ይረሳዋል፣ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ዋጋ ያለው ይሄ ነው ብዬ ነው የማስበው።

ልብ እዛ ማሽን ላይ ምን ያደርጋል

መቅዘፍ እግርን፣ መቀመጫን፣ ጀርባንና ክንድን በአንድ ስትሮክ (በአንድ የእጀታ ጉተታ) ውስጥ ያሰራል። ይሄ ሁሉ ጡንቻ በአንድ ጊዜ ኦክስጅን ሲጠይቅ ልብ ምት ቶሎ ይወጣል፣ ለዛም ነው ሳይክል ላይ ቀላል የሚመስላቸው ሰዎች እዚህ 5 ደቂቃ ሳይሞላቸው የሚያለከልኩት። ግን "ቶሎ" ማለት ወዲያው ማለት አይደለም። የ2000 ሜትር ሙከራን ብታዩት ነገሩ ግልጽ ይሆናል፦ የመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች ላይ ዋቱ (የምታወጡት ጉልበት መለኪያ) በጣም ከፍ ይላል፣ ልብ ምቱ ግን ከማሟሟቂያው ገና ብዙም አልራቀም፣ ጡንቻው በዛች ሰዓት የሚጠቀመው ውስጡ ያስቀመጠውን ጉልበት ነው፤ ከዛ አንድ ደቂቃ ተኩል፣ ሁለት ደቂቃ አካባቢ ላይ ወደ ማክሳችሁ (ልባችሁ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ምት) 90 ፐርሰንት ይጠጋል፤ ከዛ በኋላ ፔሳችሁን (ፍጥነታችሁን) ባትነኩት እንኳ ቀስ እያለ መውጣቱን ይቀጥላል፣ የመጨረሻዎቹ 250 ሜትሮች ላይ ጣሪያው ጋር ይደርሳል። ስለዚህ ልብ ምት ስራውን ይከተላል እንጂ አይቀድመውም። ይሄንን ያዙት፣ ቆይተን እንመለስበታለን።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ ብዙ ሰው ሮዊንግ ላይ የሚደርስበት ከፍተኛ ምት ሩጫ ላይ ከሚደርስበት በጥቂት ምቶች ያንሳል። ተቀምጣችሁ ስለምትሰሩ ደም ከእግር ወደ ልብ ሲመለስ ከቆመ ሰው ይልቅ ይቀለዋል፣ ልብም በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚረጭ ያንኑ ስራ በትንሽ ያነሰ ምት ሊጨርሰው ይችላል። ቴክኒኩን ገና ያልለመደ ሰው ደግሞ ልቡ ጣሪያ ሳይደርስ እግሩና ወገቡ ቀድመው እጅ ይሰጣሉ። በሩጫ ያገኛችሁትን ማክስ ይዛችሁ እዚህ ዞን (በማክስ ፐርሰንት የሚከፈል የስራ ጥንካሬ ደረጃ) ብታወጡ ዞኑ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚወጣባችሁ፣ ከዛ "ለምን ዞን 4 መግባት አቃተኝ" እያላችሁ ራሳችሁን ታሰቃያላችሁ።

የደረት ስትራፕ

ስትራፑ የሚያነበው ልብ በእያንዳንዱ ምት የሚያወጣውን የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ቀጥታ ምልክቱን ስለሚያነብ እጃችሁ ምን እየሰራ እንደሆነ አያገባውም፣ 30 ሰከንድ ጠንክራችሁ 30 ሰከንድ ስታርፉ መውጣቱንም መውረዱንም ሳይዘገይ ያሳያችኋል። ፖላር የሚባለው የፊንላንድ ኩባንያ ገመድ አልባውን የልብ ምት መለኪያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካወጣው ጀምሮ የስትራፕ ሀሳብ ብዙም አልተለወጠም፣ ያልተለወጠው ደግሞ ስለሚሰራ ነው።

ሮዊንግ ላይ ግን ሌላ ስፖርት ላይ የሌለ አንድ ጣጣ አለው። ስትሮኩን ስትጨርሱ እጀታው የሚመጣው ወደ ታችኛው የጎድን አጥንት አካባቢ ነው፣ ስትራፑ የሚቀመጠውም እዛው አካባቢ ነው፣ ስለዚህ እጀታው ወይም የእጃችሁ አውራ ጣት በየስትሮኩ ስትራፑን እየነካው ሊሄድ ይችላል፤ ከፊት ደግሞ ጎንበስ ስትሉ ደረታችሁ ታጥፎ ስትራፑ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይንሸራተታል። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ከለመዳችሁት ትንሽ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ከደረት ጡንቻ ስር በደንብ ከፍ አድርጉት፣ ፖዱን (ስትራፑ ላይ የሚገጠመውን ሴንሰር) ደግሞ ትንሽ ወደ ግራ ጎን አዙሩት። ስፖርት ብራ የምታደርጉ ሴቶች ስትራፑን ከብራው ላስቲክ በታች አስቀምጣችሁ ላስቲኩ ጫፉን እንዲይዘው ብታደርጉ ብዙም አይንቀሳቀስም፣ ሁለቱ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው ቆዳ የሚፍቁባችሁ ከሆነ ግን የክንድ ባንድ መሞከሩ ይሻላል።

ስትራፕ አይሰራልኝም የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ችግራቸው ድርቀት ነው። ኤሌክትሮዱ የሚሰራው በእርጥበት ነው፣ ላብ ሳይመጣ በፊት የመጀመሪያዎቹ 5 እና 10 ደቂቃዎች ላይ ቁጥሩ ይዘላል፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ 190 ምናምን ሊያሳይ ይችላል። ከማሰራችሁ በፊት በውሃ በደንብ አርሱት፣ በቃ። ሰው ሰራሽ ጨርቅ የሆነ ሰፊ ቲሸርት ደረቅ ቆዳ ላይ ሲፋተግ የሚፈጥረው ስታቲክም ተመሳሳይ ነገር ያመጣል፣ እሱም ላብ ሲመጣ ይጠፋል። ስትጨርሱ ፖዱን ከስትራፑ ንቀሉት፣ እርጥብ ሆኖ ተያይዞ ካደረ ሴንሰሩ ሰው ላይ ያለ ስለሚመስለው ባትሪውን ይበላዋል። ጨርቁን በውሃ እጠቡት፣ ጨው ሲጠራቀምበት መጀመሪያ የሚበላሸው ኤሌክትሮዱ ነው። ባትሪው አብዛኞቹ ላይ የሳንቲም ቅርጽ ያለው የሚቀየር ነው፣ ፖላር ኤች10 ላይ ሲአር2025 ይገባል፣ ኩባንያው እስከ 400 ሰዓት ይሄዳል ይላል። ቁጥሩ ያለምክንያት መዝለል ወይም መቆራረጥ ከጀመረ ስትራፑን ከመጣላችሁ በፊት ባትሪውን ቀይሩ።

ግንኙነቱን በተመለከተ፦ ኮንሴፕት 2 ማሽን ላይ ያለው ፒኤም5 ሞኒተር ብሉቱዝም አንት ፕላስም (ሌላ የገመድ አልባ ግንኙነት አይነት) ይቀበላል፣ ከሱ በፊት የነበሩት ፒኤም3 እና ፒኤም4 ብሉቱዝ የላቸውም፣ ስለዚህ የምትሰሩበት ጂም ያለው ሞኒተር የትኛው እንደሆነ ሳታዩ ብሉቱዝ ብቻ ያለው ስትራፕ አትግዙ። ሁለቱም ያለውን መግዛት ከጣጣ ያድናል። በተለይ ስልካችሁ ላይ ያለው አፕም ሞኒተሩም በአንድ ጊዜ እንዲያነቡ ከፈለጋችሁ ከአንድ በላይ የብሉቱዝ ግንኙነት የሚይዝ መሆኑን አረጋግጡ፣ አንዳንዶቹ አንዱ ከያዛቸው ለሌላው አይታዩም፣ ሰው ደግሞ ተበላሸ ብሎ ይመልሳቸዋል። ብዙ ማሽን በተደረደረበት ጂም ሞኒተሩ የጎረቤታችሁን ስትራፕ ሊያሳያችሁ ስለሚችል የስትራፑን መለያ ቁጥር አይታችሁ ምረጡ።

የክንድ ባንድ

ባንዱ እንደ ሰዓት በብርሃን ነው የሚሰራው። ብርሃን ወደ ቆዳ ይልካል፣ በየምቱ የሚያልፈው ደም መጠን ሲቀያየር ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀያየራል፣ ከዛ ልዩነት ምቱን ያሰላል። እንደ ስትራፕ የልብን ምልክት በቀጥታ አያገኝም፣ ከደም ስር ነው የሚገምተው፣ ከዛም ቁጥሩን ለማለስለስ ጥቂት ሰከንድ ይወስድበታል። 20 ሰከንድ ሰርታችሁ 10 ሰከንድ የምታርፉበት ነገር ላይ ጫፉን ቆርጦ ሊያሳያችሁ ይችላል፣ የ3 እና የ4 ደቂቃ ኢንተርቫል ላይ ግን ከስትራፕ ጋር ያለው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስብ አይደለም።

ሮዊንግ ላይ ወሳኙ ነገር የት እንደምታስሩት ነው። ብዙ ሰው ከክርን በታች ያስረዋል፣ እጀታ የሚጨመድደው ጡንቻ ግን ያለው እዛው ነው፣ በየስትሮኩ ይጠነክራል ይላላል፣ ባንዱም አብሮ ይናወጣል። ከክርን በላይ፣ በክንዱ የውጪ ጎን ወይም ወደ ኋላ አድርጋችሁ እሰሩት፣ እዛ ጋር ስጋ አለ፣ እንቅስቃሴውም ያነሰ ነው። ጥቁር ንቅሳት ላይ አታሳርፉት፣ ቀለሙ ብርሃኑን ይይዘዋል። ብርድ ክፍል ውስጥ ደግሞ ቆዳ ስር ያለው ደም ስለሚቀንስ ጥሩ አድርጋችሁ ሳታሟሙቁ ቁጥሩን አትመኑት። ፖላር ቬሪቲ ሴንስ እና ዋሁ ቲከር ፊት የዚህ አይነት ናቸው፣ ሁለቱም ቻርጅ ይደረጋሉ፣ ይሄ ጥቅምም ጉዳትም ነው፣ ባትሪ አትገዙም ግን ረስታችሁት ከመጣችሁ የዛን ቀን ልብ ምት የለም።

በሳምንት ሶስት አራቴ ለምትሰሩና ስትራፕ ማሰር ስለሚሰለቻችሁ መለካቱን ለምትተዉት ባንድ ከስትራፕ ይሻላል፣ ይሄን ከልቤ ነው የምለው፣ ትንሽ ያነሰ ትክክለኛነት ያለው ግን ሁልጊዜ የምታደርጉት መሳሪያ ቦርሳ ውስጥ ከተቀመጠ ምርጥ መሳሪያ ይበልጣል።

ሰዓት

የእጅ አንጓ ሮዊንግ ላይ ለብርሃን ሴንሰር ከሁሉም የከፋ ቦታ ነው። አንጓ ላይ ስጋ የለም፣ ያለው አጥንትና ጅማት ነው፣ እጀታውን በጨመደዳችሁ ቁጥር ጅማቱ ይወጠራል፣ አንጓችሁ ከታጠፈ ደግሞ ሰዓቱ ከቆዳው ይነሳና የውጪ ብርሃን ይገባል። በዛ ላይ ስትሮክ በራሱ ሪትም ያለው ነገር ነው፣ በደቂቃ 24፣ 28፣ 32 እያለ የሚመጣ ተመሳሳይ ንቅናቄ፣ ሰዓቱ ይሄንን ሪትም ከደም ሪትም ጋር ሊያምታታው ይችላል። ምልክቱን ታውቁታላችሁ፦ እናንተ መናገር አቅቷችሁ ሰዓቱ 118 ላይ ተረጋግቶ ቁጭ ብሏል፣ ወይም ስትሮክ ሬታችሁን (በደቂቃ የምትጎትቱትን ብዛት) ስትቀይሩ ልብ ምቱም በዛው ቅጽበት ዘሎ ይቀየራል። እውነተኛ ልብ ምት እንደዛ በአንዴ አይዘልም።

ሰዓት ብቻ ካላችሁ ከአንጓ አጥንቱ ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጉት፣ ስትጨርሱ አላሉት፣ እጀታውን ደግሞ በጣት መንጠቆ ያዙ እንጂ በመዳፍ አትጨምድዱ፣ አንጓ ቀጥ ይበል። ይሄ ለቴክኒክም ጥሩ ነው። በዚህ አያያዝ 40 ደቂቃ በአንድ ፍጥነት ስትቀዝፉ የሚረባ ቁጥር ልታገኙ ትችላላችሁ። አብዛኞቹ የስፖርት ሰዓቶች ስትራፕና ባንድ ስለሚቀበሉ ሰዓታችሁን መቀየር አያስፈልግም፣ ስትራፑን ከሰዓቱ ጋር አገናኙትና መዝገቡ እዛው ይቀጥላል።

ጣትና ሌሎቹ

እየቀዘፋችሁ በጣት መቁጠር አይቻልም፣ ካቆማችሁ በኋላ ደግሞ ምቱ ወዲያው መውረድ ይጀምራል፣ ስለዚህ በ15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 ስታባዙ የምታገኙት ስራው ላይ የነበረውን አይደለም፣ አንድ ምት ብትስቱ ደግሞ ልዩነቱ 4 ነው። አንገት ላይ የምትለኩ ከሆነ በአንድ ጎን ብቻ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ምክንያቱም አንገት ላይ ያለው የደም ስር በደንብ ከተጫናችሁት ልብን በራሱ ያዘገየዋል፣ ቁጥሩም ይሳሳታል አንዳንዱንም ሰው ያዞረዋል። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ አንጓ ላይ 60 ሰከንድ ሙሉ መቁጠር ግን ያለ ምንም መሳሪያ የምታገኙት ጥሩ የእረፍት ምት ነው።

አንዳንድ ማሽን ላይ ያለው ጆሮ ላይ የሚቆነጠጥ ባለገመድ ሴንሰር እና እጀታ ላይ ያለ ብረት ለጠንካራ ስራ አይሆኑም፣ እለፏቸው።

መሳሪያችሁ እውነት መናገሩን ለማወቅ የምርቱን ማስታወቂያ አታንብቡ፣ የግራፉን ቅርጽ እዩ። ስትጀምሩ በተጠማዘዘ መስመር የሚወጣ፣ ስታርፉ ቀስ ብሎ የሚወርድ፣ በየኢንተርቫሉ ጫፉ ትንሽ ትንሽ ከፍ የሚል ግራፍ የልብ ነው። እንደ ደረጃ የሚዘል፣ ለረጅም ጊዜ ቀጥ ብሎ የተጋደመ፣ ወይም ስታርፉ የሚወጣ ከሆነ የመሳሪያው ችግር ነው።

ቁጥሩን ከምን ጋር ታወዳድሩት

ትክክለኛ 168 ብታገኙ እንኳ ማክሳችሁን ካላወቃችሁ 168 ምንም አይነግራችሁም። እዚህም ምርጫ አለ። ሁሉም የሚያውቀው 220 ሲቀነስ እድሜ የሚለው ነው፣ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 እነ ታናካ ያወጡት ደግሞ እድሜን በ0.7 አባዝታችሁ ከ208 ቀንሱ ይላል። በ2010 እነ ጉላቲ ለሴቶች ያወጡት አለ፣ እድሜ በ0.88 ተባዝቶ ከ206 ይቀነሳል። የ25 ዓመት ሰው በመጀመሪያው 195 በሁለተኛው 190 ገደማ ይሆናል፣ 40 ዓመት ላይ ሁለቱም 180 ላይ ይገናኛሉ፣ 60 ዓመት ላይ የመጀመሪያው 160 ሁለተኛው 166 ይላል። የ40 ዓመት ሴት በጉላቲ 171 ትሆናለች። ከሶስቱ መምረጥ ካለባችሁ፣ በተለይ እድሜያችሁ ከ40 በላይ ከሆነ፣ ከ220ው ይልቅ የታናካን ውሰዱ፣ ግን ሁሉም አማካይ ናቸው፣ አንድ ጤነኛ ሰው ከቀመሩ 10 ምት፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። 10 ምት ማለት ደግሞ ከአንድ ዞን ወደ ሌላ ሊያሻግራችሁ የሚችል ነው።

ከቀመር የሚሻለው ማሽኑ ላይ መፈተሽ ነው። ስትራፕ አድርጋችሁ 15 ደቂቃ በደንብ አሟሙቁ፣ ከዛ 4 ደቂቃ ጠንከር ባለ ፍጥነት፣ 3 ደቂቃ ቀላል፣ እንደገና 4 ደቂቃ፣ እንደገና ቀላል፣ በመጨረሻው 4 ደቂቃ ላይ ደግሞ ግማሹን እንደበፊቱ ሄዳችሁ የቀረውን 2 ደቂቃ ያላችሁን በሙሉ ስጡት። ለጥቂት ሰከንድ ቀጥ ብሎ የቆየው ከፍተኛ ቁጥር የሮዊንግ ማክሳችሁ ነው፣ ለአንድ ሰከንድ ብቻ ብቅ ብሎ የጠፋውን አትቁጠሩት። ይሄ ፈተና ስፖርት ገና ለጀመረ ሰው፣ የልብ ችግር ላለበት፣ ደም ግፊት ላለበት ሰው አይደለም፣ እነሱ ሐኪም ሳያያቸው በፍጹም እንዳይሞክሩት።

አንድ ሌላ ሰው የሚምታታበት ቦታ ፐርሰንቱ የምን ፐርሰንት ነው የሚለው ነው። ማክሱ 185፣ የእረፍት ምቱ 55 የሆነ ሰው 70 ፐርሰንት ላይ ስራ ተባለ እንበል። የማክስ 70 ፐርሰንት 130 ገደማ ነው። በካርቮነን መንገድ ግን ከ185 ላይ 55 ይቀነሳል፣ 130፣ የሱ 70 ፐርሰንት 91፣ 55 ሲመለስበት 146። ሁለቱም "70 ፐርሰንት" ተብለው በመሀላቸው 16 ምት አለ። ፕሮግራም ከሆነ ቦታ ስትወስዱ የትኛውን እንደሚል ሳታዩ አትጀምሩ፣ ብዙ ሰው ቀላል ቀኑን ከባድ የሚያደርገው ሰንፎ ወይም በርትቶ ሳይሆን ሁለቱን ቀላቅሎ ነው። ካርቮነንን እመርጣለሁ፣ የእረፍት ምታችሁን ስለሚያስገባ ወደ እናንተ ይቀርባል።

በልብ ምት፣ በዋት ወይስ በስሜት?

አሁን ወደ ዋናው። ሞኒተሩ ላይ ከልብ ምት ሌላ ዋትና በ500 ሜትር የሚቆጠር ፔስ አለ፣ ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው፣ በ500 ሜትር 2 ደቂቃ ማለት 203 ዋት ገደማ ነው፣ 1 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ማለት 302። ከ2 ደቂቃው ላይ 15 ሰከንድ ብቻ ለማውረድ 100 ዋት ገደማ መጨመር አለባችሁ፣ ለዛ ነው ፔስ ላይ ትንሽ የምትመስል ለውጥ ልብ ላይ ትልቅ የምትሆነው። ዋት እናንተ አሁን የምታወጡትን ይነግራችኋል፣ ልብ ምት ሰውነታችሁ ለዛ የከፈለውን ይነግራችኋል፣ ስሜት ደግሞ ሁለቱም የማያዩትን ያያል።

ረጅምና ቀላል ስራ ላይ፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ፣ ልብ ምት ይምራ። ጣሪያ አስቀምጡ፣ ለምሳሌ 145፣ ከሱ ሲያልፍ ዋቱን ቀንሱ። እዚህ ላይ ሰው የሚናደድበት ነገር አለ፦ መጀመሪያ 140 ዋት በ138 ምት ስትሰሩ ነበር፣ 45ኛው ደቂቃ ላይ ያው 140 ዋት 150 ምት ሆነ። ሞኒተሩ አልተበላሸም፣ እናንተም አልደከማችሁም፣ ሰውነት ሲሞቅና ላብ ሲወጣ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ስለሚቀንስ በምት ብዛት ያካክሰዋል። ቤት ውስጥ መቅዘፍ ንፋስ የለውም፣ የማሽኑ ጎማ የሚያወጣው አየር ለእናንተ በቂ አይደለም፣ ስለዚህ ይሄ ነገር ከውጪ ስፖርት ይብሳል። ፋን አስቀምጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ልዩነቱን በራሳችሁ ታዩታላችሁ። ቀኑ የማገገሚያ ከሆነ ጣሪያውን አክብራችሁ ዋቱን ቀንሱ፣ ቀኑ ጽናት የምትገነቡበት ከሆነና ስሜታችሁ ጥሩ ከሆነ 5 እና 8 ምት ማለፉ አያስጨንቃችሁ።

የ4 ደቂቃ ኢንተርቫሎች ላይ፣ ማለት 4 ጊዜ 4 ደቂቃ በመሀል 3 ደቂቃ ቀላል፣ ኢላማው ከማክስ 90 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ እዚህ ዋት ይጀምር ልብ ምት ይፍረድ። የመጀመሪያው ዙር ላይ 90 ፐርሰንት የምትደርሱት ምናልባት ሶስተኛው ደቂቃ ላይ ነው፣ ሰው ግን የመጀመሪያዋ ደቂቃ ላይ ምቱ 140 ሲል "ገና ነኝ" ብሎ ይለቀዋል፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ይቃጠላል፣ ሶስተኛውና አራተኛው ላይ ዋቱ ወድቆ ምቱ ብቻ ከፍ ብሎ ይቀራል። አራቱንም ዙር በተመሳሳይ ዋት የምትጨርሱበትን ምረጡ፣ ልብ ምት የመጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች ላይ ኢላማው ውስጥ ከገባ ልክ ነበር ማለት ነው፣ ካልገባ በሚቀጥለው ሳምንት 5 ዋት ጨምሩ።

አጭር ነገር ላይ፣ 30 ሰከንድ፣ 1 ደቂቃ፣ 20 በ10፣ ልብ ምትን ተዉት፣ ዋት ብቻ። ልብ ጫፍ ላይ ሲደርስ እናንተ እያረፋችሁ ነው። ታባታ በሚባለው የ20 በ10 ስራ ላይም እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው ጥናት የተሰራው ሳይክል ላይ ነው፣ ጭነቱ የተቀመጠው ሰው ኦክስጅን ከሚወስድበት ጣሪያ 170 ፐርሰንት ላይ ነው እንጂ በልብ ምት አልነበረም። እዚህ ስራ ላይ ልብ ምት የሚጠቅማችሁ እረፍቱ ላይ ነው፣ ምን ያህል ወረደ የሚለውን ለማየት። የ2000 ሜትር ሙከራ ላይ ደግሞ ስትራፑን አድርጉት ግን ቁጥሩን ከስክሪኑ ደብቁት፣ 1200 ሜትር ላይ 181 ማየት ማንንም አያበረታም፣ በኋላ ግራፉን ተረጋግታችሁ ታዩታላችሁ።

ስሜትን አትናቁት። ስዊድናዊው ቦርግ ያወጣው ከ6 እስከ 20 ያለው መለኪያ አለ፣ ጤነኛ ወጣት ላይ ቁጥሩ በ10 ሲባዛ ከልብ ምት ጋር እንዲቀራረብ ታስቦ የተሰራ ነው፣ 13 ማለት ትንሽ ከበድ ያለ፣ 17 በጣም ከባድ። ሙሉ አረፍተ ነገር ማውራት ከቻላችሁ ቀላል ላይ ናችሁ፣ ሁለት ሶስት ቃል ብቻ ከሆነ ጠንካራ ላይ ናችሁ። እንቅልፍ ያጣችሁ ቀን፣ ቡና የበዛበት ቀን፣ ጉንፋን ሊጀምራችሁ ሲል፣ ከፍታ ቦታ ላይ፣ ልብ ምት ይቀያየራል፣ እነዚህ ቀናት ላይ ስሜት ከሴንሰሩ ይበልጣል።

የዚህን ሳምንት ከባለፈው ለማወዳደር ደግሞ ሌላውን ሁሉ አንድ አይነት አድርጉት፣ ያው ድራግ ፋክተር (ማሽኑ የሚሰጣችሁ የአየር ተቃውሞ መጠን)፣ ያው ስትሮክ ሬት። 150 ዋት በ18 ስትሮክ እና 150 ዋት በ26 ስትሮክ ልብ ላይ አንድ አይደሉም፣ ሬቱ ሲጨምር የራሳችሁን ክብደት በስላይዱ ላይ ለማመላለስ ብቻ ተጨማሪ ጉልበት ታወጣላችሁ።

ካቆማችሁ በኋላ ያለው ደቂቃ

ብዙ ሰው የመጨረሻዋን ስትሮክ ስቦ ሞኒተሩን ያጠፋል፣ እኔ ግን ከጫፉ ቁጥር ይልቅ ከሱ ቀጥሎ ያሉትን 60 ሰከንዶች ነው የምወደው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ የታወቀ ጥናት ከትሬድሚል ምርመራ በኋላ በመጀመሪያው ደቂቃ 12 ምት ወይም ከዛ በታች ብቻ የወረደላቸው ሰዎች ላይ የሞት አደጋ ከፍ ብሎ አግኝቷል። ይሄ የሐኪም ቤት ምርመራ ነው፣ የእናንተን ሮዊንግ በሱ አትፍረዱ፣ ግን ሀሳቡን ውሰዱት፦ ሁልጊዜ በአንድ አይነት መንገድ፣ ለምሳሌ በጣም ቀስ ብላችሁ እየቀዘፋችሁ፣ ምን ያህል እንደወረደ ጻፉ። ወራት ሲያልፉ የሚወርደው ምት ከጨመረ አቅማችሁ እየተሻሻለ ነው፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ በድንገት ካነሰ እረፍት ያስፈልጋችኋል። ለዚህ መለኪያ ሰዓትም ይበቃል፣ ምክንያቱም እጃችሁ አርፏል።

ልብ ምት የማይመራቸው ሰዎች

ቤታ ብሎከር የሚወስድ ሰው ምቱ በመድኃኒቱ ስለተያዘ የተለመዱት ቀመሮች አይሰሩለትም፣ በቦርግ መለኪያና በዋት ይስራ፣ ጣሪያውን ሐኪሙ ይንገረው። ፔስሜከር (የልብ ምትን የሚያስተካክል የተተከለ መሳሪያ) ያለበት ሰው ስትራፕ ከመግዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ስትራፕ ላይ ድንገት 210፣ 220 ያያችሁ ሰዎች ደግሞ መጀመሪያ የስራውን መጀመሪያ ላይ ነው ወይ ብላችሁ እዩ፣ ደረቅ ስትራፕ ከሆነ በላብ ይጠፋል። ከ30 ደቂቃ በኋላ፣ እርጥብ ስትራፕ ላይ፣ ዋቱ ሳይቀየር ምቱ በአንዴ 40 እና 50 ዘሎ እዛው እየተዘበራረቀ የሚቆይ ከሆነ፣ በተለይ ጉልበት ከድቷችሁ ወይም ደረታችሁ ውስጥ ሲርገበገብ ከተሰማችሁ ግን መሳሪያ ነው ብላችሁ አትለፉት። ለብዙ ዓመት ከባድ የጽናት ስፖርት የሰሩ ሰዎች ላይ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባት በዛ ብሎ ይታያል፣ ጠንካራ መሆን ከሱ አይከላከልም። የኒውዚላንዱ ቀዛፊ ሮብ ዋደል ይሄው ችግር እያለበት እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ በነጠላ ቀዘፋ የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዷል፣ በ2008 ደግሞ ማሽን ላይ 2000 ሜትርን በ5 ደቂቃ ከ36.6 ሰከንድ ጨርሶ ለዓመታት የቆየ የዓለም ክብረ ወሰን ይዟል፣ እሱ ግን በሐኪም ክትትል ስር የነበረ ሰው ነው። ስትራፕ የሐኪም ኢሲጂን (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራን) አይተካም። እንደዚህ ያለ ነገር ካያችሁ አቁሙ፣ በጣት አንጓችሁ ላይ ምቱ እኩል እየሄደ እንደሆነ እዩ፣ ሪከርዱን አታጥፉት፣ ሰዓቱንና ዋቱን እንዳለ ይዛችሁ የልብ ሐኪም ጋር ሂዱ። የደረት ህመም፣ ራስን መሳት፣ ወይም ከስራው ጋር የማይመጣጠን የትንፋሽ ማጠር ከተጨመረበት ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ የዛኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ ብቻችሁንም አትሂዱ።